ጠርዙ በመዳፍ፣ ልኩ በኮምፒውተር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)



አጎቴ አናጢ ነበር። ጣውላ ልጎ ሲጨርስ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ጣውላውን እንደ ጠመንጃ ያነጣጥረውና ጠርዙን ረጅም ጊዜ ያያል። ከዚያ አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ ቀስ እያደረገ ያስኬድና አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። «እዚች ጋ አለች» ይለኛል። እኔ ባይም ብዳስስም ምንም አላገኝም። እሱ መላጊያውን አንስቶ ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ ያደርግና፣ ወረቀት የመሰለች ቅራፊ መሬት ስትወድቅ፣ «አሁን ሄደች» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

አጎቴን ያስታወሰኝ የዛሬው ርዕሳችን ነው፦ የሰርፍ ሰሌዳ አሠራር። ሰርፊንግ ማለት ሰው ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ወደ ዳርቻ በሚገሰግስ የውቅያኖስ ማዕበል ላይ የሚንሸራተትበት ስፖርት ነው። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካቷል። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ ውድድሩ የተካሄደው ከፈረንሳይ ምድር እጅግ ርቆ፣ በታሂቲ ደሴት በቴአሁፖ ነበር። እንግዲህ በዚህ ዝግጅት የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

«እኛ ባሕር የለን፣ ምን ይመለከተናል?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ሰሌዳው የሚሠራባቸው ነገሮች ግን ቤታችን ውስጥ አሉ። የምንተኛበት የስፖንጅ ፍራሽ የአንደኛው ዓይነት ሰሌዳ የሥጋ ዘመድ ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ስንገዛ ከካርቶኑ የምናወጣው ነጭ ፎም ደግሞ የሁለተኛው ዓይነት ሰሌዳ ሆድ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ የቤት ዕቃ ሠሪዎች ዘንድ የምናየው ሲኤንሲ የተባለው በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን የሰሌዳ ሠሪዎቹንም ሙያ ገልብጦታል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ እጅ ለዘመናት ያወቀውን ነገር ማሽኑ ሲረከብ ምኑን ይወስዳል፣ ምኑንስ ሳይወስድ ይቀራል?

መጀመሪያ ግን ቅርጹ ራሱ ምን ሥራ እንደሚሠራ እንይ። ሰሌዳውን ከጎኑ ብታዩት እንደ ጣውላ ቀጥ ያለ አይደለም፤ አፍንጫውም ጅራቱም ወደ ላይ ቀና ያሉ ናቸው። ባለሙያዎቹ ይህን ጉብጠት ሮከር ይሉታል። ሮከሩ ሲበዛ ሰሌዳው ከቁልቁል ማዕበል ሲወርድ አፍንጫው ውሃ ውስጥ አይሰካም፣ በጠባብ ቦታም ይታጠፋል፤ ነገር ግን ውሃውን እየገፋ ስለሚሄድ ፍጥነት ያጣል። ሮከሩ ሲያንስ ይፈጥናል፣ ማጠፍ ግን አስቸጋሪ ይሆናል።

የጠርዙን ነገር በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ ማንኪያ እጀታውን በሁለት ጣት ላላ አድርጋችሁ ያዙና ጀርባውን ከቧንቧ ወደሚወርደው ውሃ አስጠጉት። ውሃው ማንኪያውን የሚገፋው ይመስላል አይደል? የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ውሃው የማንኪያውን ክብ ጀርባ ተከትሎ ይታጠፍና ማንኪያውን ወደ ራሱ ይስበዋል። የሰሌዳው ጠርዝ ክብ ሲሆን ማዕበሉ ሰሌዳውን እንዲሁ ይዞ ያጣብቀዋል። ጠርዙ ስል ሲሆን ውሃው ተቆርጦ ስለሚላቀቅ ሰሌዳው ነፃ ይወጣል፣ ይፈጥናል። ስለዚህ ጥሩ ሰሌዳ ጠርዙ መሃል ላይ ለስለስ፣ ወደ ጅራቱ ሲደርስ ሰላ ይላል። ክብነቱ የትኛዋ ነጥብ ላይ አብቅቶ ስለቱ ይጀምር የሚለው በሚሊ ሜትር የሚለካ ጉዳይ ነው፤ በሰሌዳው ላይ የቆመው ሰው ግን ልዩነቱን በእግሩ ያውቀዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

የሰሌዳ ሥራ ሙያው የሃዋይ ሕዝብ ነው። ሃዋይያውያን እንደ ኮዋና ዊሊዊሊ ካሉ የአገራቸው ዛፎች ሰሌዳውን በድንጋይ መጥረቢያ ይጠርቡ፣ በሻካራ የኮራል ድንጋይ ያለሰልሱ፣ በመጨረሻም ኩኩይ ከሚባል ፍሬ የሚወጣ ዘይት ይቀቡት ነበር። ኦሎ የሚባለው ረጅሙ ሰሌዳ የመሳፍንቱ ነበር። በሆኖሉሉ ከተማ የቢሾፕ ሙዚየም ውስጥ ፓኪ የተባለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መስፍን ሰሌዳዎች ዛሬም አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። አንድ ሙሉ ሰው ተሸክሞ ባሕር እንደመግባት ቁጠሩት።

በ1926 ቶም ብሌክ የተባለ አሜሪካዊ ዋናተኛ እነዚህን የሙዚየም ሰሌዳዎች ሲያድስ ክብደታቸው አሳሰበው። እንደነሱ አድርጎ በሠራው ሰሌዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ብዙ ቀዳዳ በስቶ አፉን በስስ እንጨት ሸፈነው። ቆይቶም እንደ አውሮፕላን ክንፍ ውስጡ በጎድን አጥንት የተደገፈ ባዶ ሰሌዳ ሠራ። በ1935 ከሰሌዳው ሆድ ስር ከኋላ በኩል ክንፍ የገጠመውም እሱ ነው። እንደ ዓሣ ክንፍ ያለች ትንሽ ነገር ናት፤ ነገር ግን እሷ ከመምጣቷ በፊት ሰሌዳ ጅራቱ እየተንሸራተተ ሰውን ወደ ጎን ይጥለው ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ከሌሎቹ ይልቅ እወደዋለሁ። ቦብ ሲሞንስ ይባላል። በካሊፎርኒያው ካልቴክ ተምሯል፣ በአውሮፕላን ፋብሪካም ሠርቷል፤ አንድ ክንዱ ደግሞ በልጅነቱ በብስክሌት አደጋ ተጎድቶ በደንብ አይታዘዘውም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው 40 እና 50 ኪሎ እንጨት ተሸክሞ ገደል መውረድ አይችልም። ስለዚህ ሌሎች ለምደው የተሸከሙትን ክብደት እሱ እንደ ችግር ተመለከተው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፕላን ሥራ ያገለገሉት ፋይበር ግላስና ሬዚን ለሕዝብ ገበያ ወጥተው ነበር። ሲሞንስና በካሊፎርኒያ የነበሩ ጥቂት የሙያ ጓደኞቹ ከኢኳዶር በሚመጣው ባልሳ በተባለ ቀላል እንጨት ላይ ይህን የመስታወት ክር ጨርቅ አልብሰው በሬዚን አጠነከሩት። ሲሞንስ በ1949 ገደማ ከዚህም አልፎ ሄደ፤ ነጭ ፎም መሃል አድርጎ ከላይና ከታች በስስ ኮምፔርሳቶ፣ ጠርዙን በባልሳ አሸገው። በ1954 ባሕር ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ይህን የፎምና የባልሳ ጥምረቱን ልብ በሉልኝ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

በ1958 ሆቢ አልተርና ጎርደን ክላርክ በካሊፎርኒያ ፖሊዩሬቴን የተባለውን ፎም ለሰሌዳ የሚሆን አድርገው አበጁት። አሠራሩን ዳቦ የጋገረ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ሁለት ፈሳሽ ኬሚካሎች ተቀላቅለው ከኮንክሪት በተሠራ ፎርማ ውስጥ ይፈሳሉ፣ ፎርማው ይዘጋል፣ ድብልቁ ውስጥ ለውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ፎርማውን ይሞላና ይደርቃል። የፍራሽ ስፖንጅም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ የሰሌዳው ፎም ግን የማይታጠፍ ደረቅ ሆኖ እንዲወጣ ተደርጎ ይቀመማል። ከፎርማው የሚወጣው ነገር በግምት የሰሌዳ መልክ ያለው፣ ገና ያልተላገ ጥሬ ፎም ነው። መሃል ለመሃል ከአፍንጫ እስከ ጅራት ይሰነጠቅና ቀጭን የእንጨት አከርካሪ ገብቶበት ተመልሶ ይጣበቃል።

እዚህ ላይ ይህን ጥሬ ፎም ልጎ ሰሌዳ የሚያደርገውን የቀራጺውን ክፍል ላሳያችሁ፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የመጣው ይህንን ክፍል ለመተካት ነው። ክፍሉ ጠባብና ረጅም ነው። ግድግዳው ብዙ ጊዜ ደመቅ ያለ ሰማያዊ ወይም ሌላ ጠቆር ያለ ቀለም ይቀባል። ከጣሪያው የሚወርደው መብራት ይጠፋል። በምትኩ በሁለቱም ጎን ግድግዳ ላይ፣ ከሰሌዳው ከፍታ ጥቂት ብቻ ከፍ ብለው ረጃጅም የፍሎረሰንት አምፖሎች ተጋድመዋል። ለምን መሰላችሁ? ነጭ ፎም ከላይ ሲበራበት ሁሉም ቦታው እኩል ነጭ ይመስላል። መብራቱ ከጎን ሲመጣ ግን የፀጉር ያህል እብጠት እንኳ ጥላ ይጥላል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የታረሰ ማሳ ላይ እያንዳንዱ ትልም ጎልቶ እንደሚታየው ማለት ነው። ቀራጺው የኤሌክትሪክ መላጊያውን ይዞ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሳይቆም ይራመዳል፣ የመላጊያውን ጥልቀት በጣቱ እየቀየረ። ከቆመ እዚያ ቦታ ላይ ጉድጓድ ይሠራል። ብናኙ እንደ ነጭ ጤፍ ዱቄት ቅንድቡ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ መላጊያውን አስቀምጦ በብርጭቆ ወረቀት ያሻሽና ሁለቱን መዳፎቹን በግራና በቀኝ ጠርዝ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ ይሄዳል። ግራና ቀኙ እኩል መሆናቸውን የሚያውቀው በዚህ ነው። አጎቴ ቢያየው የሙያ ወንድሙ መሆኑን ወዲያው ያውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፋይበር ግላሱ ይለብሳል፣ ሬዚኑ ይፈስበታል፣ በጎማ መጥረጊያ እየተገፋ ወደ ጨርቁ ክር እንዲሰርግ ይደረጋል። ሬዚኑ ማጠንከሪያው ከገባበት በኋላ እየሞቀ ይሄድና በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል፤ የዘገየ ሰው ሥራው ተበላሸ ማለት ነው።

ክላርክ ብቻውን በ1961 ያቋቋመው ፋብሪካ ጥሬ ፎም እየሠራ ለቀራጺዎች ሁሉ ያከፋፍል ነበር። ከጊዜ በኋላ የአሜሪካን ገበያ 90 በመቶ ያህል ይዞ እንደነበር ይገመታል። ሰኞ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2005 ክላርክ ለደንበኞቹ ሰባት ገጽ ደብዳቤ በፋክስ ላከ፤ ፋብሪካው ከዚያች ዕለት ጀምሮ ተዘግቷል የሚል። ከምክንያቶቹ ዋናው ፎሙ የሚሠራበት ቲዲአይ የተባለ መርዛማ ኬሚካልና ከመንግሥት የአካባቢና የሠራተኛ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች ጋር የነበረው ጭቅጭቅ ነበር። የኮንክሪት ፎርማዎቹም እንዲሰባበሩ አደረገ። ሰርፈኞቹ ያችን ቀን የጥሬ ፎሙን የእንግሊዝኛ ስም፣ ብላንክን፣ ከዕለቱ ከሰኞ ጋር አጣምረው «ብላንክ መንዴይ» ይሏታል። የፎም ዋጋ በአንድ ጀምበር ተተኮሰ፣ ቀራጺዎች መጋዘን የቀረቻቸውን ፎም እንደ እህል መቁጠር ጀመሩ።

ቲዲአይ ያለ ምክንያት አልተፈራም። የዚህ ኬሚካል ቤተሰብ እንፋሎት በሥራ ቦታ ለሚመጣ አስም ከታወቁት መንስዔዎች አንዱ ነው። ሰው መዝናኛ ዕቃ ሊሠራ ሳንባውን መክፈል አለበት ብዬ አላምንም፤ በዚያ ፋብሪካ መዘጋት ያዘኑትን ሰዎች ኑሮ እየተረዳሁም ቢሆን ይህን እላለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አንድ ኩባንያ ላይ የተንጠለጠለ ሙያ ገመዱ ሲበጠስ ምን ያደርጋል? ቀድሞ ያልተፈለገውን ነገር ሁሉ ይሞክራል። ከተሞከሩት ዋናው ያ ከቴሌቪዥን ካርቶን የምናወጣው ነጭ ፎም ነው። ሙሉ ስሙ የተነፋ ፖሊስቲሪን ነው። አንዷን ቁራጭ ብትሰብሩ እንደ ዘንጋዳ ፍሬ ክብ ክብ ቅንጣቶች ታያላችሁ። ቅንጣቶቹ በእንፋሎት ሲሞቁ እንደ ፈንዲሻ አብጠው እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ናቸው። 98 በመቶው አየር ነው፤ ክብደቱ እንደሌለ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

ታዲያ እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን ከመጀመሪያው በሰፊው አልተጠቀሙበትም? ይህንንም ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ከነጩ ፎም ትንሽ ቁራጭ ወስዳችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ከእሳት ርቃችሁ፣ ሁለት ጠብታ አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጣል አድርጉበት። እንደ ቅቤ ሟሙቶ ይሰምጣል። ለሰሌዳ የለመዱት ፖሊስተር ሬዚንም ነጩን ፎም እንደዚሁ ይበላዋል። ስለዚህ ነጩ ፎም ሌላ ዓይነት ሬዚን መጠበቅ ነበረበት፤ ያም ኤፖክሲ ነው። ኤፖክሲ ፎሙን አይነካውም፣ ሲደርቅም ከፖሊስተሩ ይልቅ አይሰበርም። ሲሠራበት የፖሊስተሩን አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ አያመጣም። ሆኖም ያለ ጓንት የነካው ሰው ቆዳው ሊቆጣ፣ አለርጂውም ዕድሜ ልኩን ሊከተለው ይችላል። ሽታ ስለሌለው ጉዳት የለውም ብሎ የሚያስብ ሠራተኛ ይሳሳታል፤ ይህንን በአገራችን በኤፖክሲ ወለልና ጠረጴዛ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶችም አደራ አስቡበት።

ነጭ ፎምና ኤፖክሲ ከብላንክ መንዴይ በፊትም ነበሩ። ሰርፍቴክ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት በታይላንድ ኮብራ በሚባል ትልቅ ፋብሪካ በፎርማ የተሠሩ ሰሌዳዎችን ያስመርት ነበር፤ ቀራጺዎቹም «ነፍስ የለውም» እያሉ ይንቁት ነበር። ከ2005 በኋላ ግን ንቀቱ ቀነሰ። ፋየርዋየር የተባለ ድርጅት በ2006 ገደማ ያቀረበው ሰሌዳ መሃሉ ነጭ ፎም፣ ከላይና ከታች የተደራረበ ስስ ቆዳ፣ ጠርዙ ደግሞ ባልሳ ነበር። መሃል ለመሃል የሚገባው የእንጨት አከርካሪ ቀርቶ ጥንካሬውን የሚሸከመው የጠርዙ እንጨት ሆነ። የቦብ ሲሞንስ የ1949 ሐሳብ ማለት ነው፤ ሐሳቡ የጠበቀው የሚስማማውን ማጣበቂያ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኬሊ ስሌተር ቆይቶ የዚህን ድርጅት ድርሻ ገዝቷል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሚሼል ባርላንድ የተባለ ፈረንሳዊ ሰሌዳ ሠሪ በአገሩ ደቡብ ምዕራብ በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ ማሽን ሠራ። ያኔ ብዙ ሰው አልተከተለውም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በብራዚል፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ ተመሳሳይ ማሽኖች ተስፋፉ፣ ከነሱ ጋርም ሰሌዳን በስክሪን ላይ መንደፊያ ፕሮግራሞች መጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀራጺው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰሌዳውን ከላይ፣ ከጎንና ተቆርጦ እንደሚታይ አድርጎ በስክሪን ላይ ያያል። እያንዳንዱ መስመር ላይ ትንንሽ ነጥቦች አሉ፤ አንዷን ነጥብ በማውስ ሲጎትት መስመሩ ተለጥጦ ይከተላል። ሲጨርስ ጥሬው ፎም በማሽኑ አልጋ ላይ ይጋደማል፣ አየር የሚስቡ ጎማዎች ከስር ይይዙታል። መቁረጫው እየተሽከረከረ ርዝመቱን ይመላለሳል፤ ወዲያ ይሄዳል፣ ትንሽ ፈቀቅ ይልና ይመለሳል። የአንድ ጎን ሥራ ሲያልቅ ፎሙ ይገለበጣል። በግማሽ ሰዓት ገደማ ሰሌዳ የሚመስል ነገር ይወጣል። የሚመስል ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከቅርብ ብታዩት ገላው ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስስ ሸንተረር አለበት፤ አዲስ ኮርዱሮይ ሱሪ ላይ እንዳለው ያለ። ሸንተረሩን የሚያጠፋው፣ ጠርዙን የሚያስተካክለው፣ በዚያ የጎን መብራት ስር ቆሞ የመጨረሻዋን ጥላ የሚያባርረው ዛሬም ሰው ነው።

ታዲያ ማሽኑ ምን ጨመረ? ፍጥነት ጨምሯል፤ እኔ ግን ትልቁን ስጦታውን ፍጥነት አልለውም። ትልቁ ስጦታው ማስታወስ ነው።

በእጅ ብቻ በሚሠራበት ዘመን አንድ ቀራጺ በዓመት ከሚሠራቸው መቶዎች ሰሌዳዎች አንዱ ምክንያቱ በውል ሳይታወቅ ተአምር ይሆናል። ሰርፈኛው እንደ እግሩ ይታዘዝለታል፣ ውድድር ያሸንፍበታል። ከዚያ አንድ ቀን ማዕበል ለሁለት ይሰብረዋል። ወደ ቀራጺው ሮጦ «ያንኑ ድገምልኝ» ይለዋል። ቀራጺው ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ውፍረቱን ጽፎ ይዟል፤ ነገር ግን ያ ሰሌዳ የተለየ የሆነው በነዚያ ሦስት ቁጥሮች መካከል በተጻፈ ሳይሆን በተዳሰሰ ነገር ነው። ሦስት ጊዜ ይሞክራል፣ ሦስቱም ይቀራረባሉ፣ አንዱም ያ አይሆንም። ያ ሰሌዳ ሄደ፣ አለቀ። ዛሬ ግን ፋይሉ አለ። ፋይል ያልነበረው አሮጌ ሰሌዳ እንኳ በመለኪያ መሣሪያ ገላው ተዳስሶ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ከዚያ ቀራጺው ሁሉንም እንዳለ ትቶ የጅራቱን ሮከር ብቻ በ2 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎ ሁለተኛ ሰሌዳ ያስቆርጣል፣ ሰርፈኛው ሁለቱንም በአንድ ቀን ይሞክራል፣ ልዩነቱም ከዚያች 2 ሚሊ ሜትር እንደመጣ ይታወቃል። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ማቆየት የሳይንስ ሙከራ መሠረት ነው። በእጅ ብቻ የሚሠራ ሰው፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር።

ሌላም ነገር ተለወጠ። ፕሮግራሙ የሰሌዳውን ይዘት በሊትር ራሱ ያሰላል። ድሮ ሰሌዳ የሚታዘዘው በርዝመት፣ በስፋትና በውፍረት ነበር። ዛሬ ወጣቱ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ስንት ሊትር እንደሆነ ነው። ሊትሩ ሰሌዳው የምን ያህል ሰው ክብደት እንደሚሸከም ስለሚነግር ጠቃሚ ቁጥር ነው። ይሁንና 28 ሊትር የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች አንዱ ደረቱ ላይ፣ ሌላው ጅራቱ ላይ ወፍራም ሊሆኑ፣ ውሃ ላይም ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ። ሰው ደግሞ አንድ ቁጥር ሲያገኝ ሌላውን የመርሳት ጠባይ አለው።

ርቀትም ጠፍቷል። አውስትራሊያ የሚኖር ቀራጺ ፋይሉን በኢሜል ካሊፎርኒያ ይልካል፤ እዚያ ያለው ማሽን ይቆርጠዋል፣ እዚያ ያለ ሌላ እጅ ይጨርሰዋል። ሰሌዳ በአውሮፕላን ከማመላለስ ይህ ይሻላል። በዚያው ልክ የተሰረቀ ፋይል የአንድ ሰው የሠላሳ ዓመት ልፋት ነው፤ ቀራጺዎቹ ፋይላቸውን እንደ ቤተሰብ ምሥጢር የሚጠብቁት ወድደው አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ከቻለ፣ ከሁሉ የተሻለውን ሰሌዳ ራሱ አስልቶ ለምን አይነግረንም? የአውሮፕላን ክንፍ እኮ የሚነደፈው በስሌት ነው። ችግሩ ማዕበሉ ላይ ነው። አውሮፕላን በረጋ አየር ውስጥ በታወቀ ፍጥነት ይጓዛል። ሰሌዳው ግን እየተሰባበረ ቅርጹን በሚቀያይር ውሃ ላይ፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ ግማሹ አየር ላይ ሆኖ፣ በላዩ ደግሞ ክብደቱን በየቅጽበቱ ከእግር ወደ እግር የሚያዛውር ሰው ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ሁለት አንድ ዓይነት ማዕበል የለም። ስለዚህ የመጨረሻው መለኪያ የሰርፈኛው እግር ሆኖ ቀርቷል።

ማስረጃም አለኝ። ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት በሰሌዳ ላይ ከመጡት ለውጦች ትልቁ የሦስት ክንፍ ሰሌዳ ነው። ያመጣው ሳይመን አንደርሰን የተባለ ግዙፍ ሰውነት ያለው አውስትራሊያዊ ነው። በዘመኑ ፋሽን የነበሩት ባለ ሁለት ክንፍ ሰሌዳዎች ለእሱ ክብደት ይፈናጠሩ ነበር። በራሱ መላጊያ በቀረጸው ሰሌዳ ላይ ሦስተኛ ክንፍ መሃል ከኋላ ጨመረበትና በ1981 በቤልስ ቢች፣ በዚያው ዓመትም በሃዋይ በፓይፕላይን የተካሄዱትን ውድድሮች አሸነፈ። ዛሬ በዓለም ውድድር ላይ የምታዩት ሰሌዳ በአብዛኛው የዚያ ልጅ ነው። ለእኔ ይህ የሚያሳየኝ ኮምፒውተሩ የተገኘን ነገር በማጥራት ተወዳዳሪ እንደሌለው፣ ያልነበረውን ነገር የሚጠይቀው ግን ችግሩ በገላው ላይ የደረሰበት ሰው እንደሆነ ነው። ሲሞንስ ክንዱ፣ አንደርሰን ክብደቱ።

የምሰጋው ስለ ተማሪዎቹ ነው። ድሮ ወጣቱ መጥቶ መጀመሪያ ብናኝ ይጠርጋል፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ያሻሻል፣ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ መላጊያ ይሰጠዋል። እስከዚያ ድረስ መዳፉ ተምሯል። ዛሬ ኮምፒውተር ያለው ልጅ በመጀመሪያ ቀኑ ያማረ ሰሌዳ ይነድፋል። ፋይሉ መስመሩ የት እንደታጠፈ ይነግረዋል፣ ለምን እንደታጠፈ ግን አይነግረውም። ብዙ ጎበዝ ቀራጺዎች ለዚህ ነው ተማሪዎቻቸውን ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሰሌዳዎች በእጅ የሚያስቀርጹት፤ ትክክል ናቸው እላለሁ። በሌላ በኩል ማሽኑ ከፎሙ አብዛኛውን ስለሚነሣ ትከሻቸው የተሰበረና ሳንባቸው በብናኝ የተጎዳ አንጋፋዎች ሙያቸውን ሳይተዉ እንዲቀጥሉ አድርጓል። ይህን የሚያጣጥል ሰው ያንን ብናኝ አልዋጠም።

ስለ ቁሱ አንድ ነገር ልጨምር። በሚያዝያ 2015 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ያሉ ሳይንቲስቶች ከአልጌ፣ ማለትም ከውሃ ሽበት፣ በወጣ ዘይት የሰሌዳ ፎም ሠርተው አሳዩ። የፖሊዩሬቴን ግብዓቶች በተለምዶ ከነዳጅ ዘይት የሚወጡ ናቸው፤ እነሱ አንደኛውን በአልጌ ዘይት ተኩት። በሥራው የተባበራቸው በአቅራቢያው ያለ አርክቲክ ፎም የተባለ የጥሬ ፎም አምራች ነበር።  በፈረንሳይ ደግሞ ዋይቭ የተባለ ድርጅት የሰሌዳውን ሆድ ባለ ሦስት ገጽታ (3D) ማተሚያ አትሟል። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ክፍል ክፍል ነው። የሚላግ ነገር ስለሌለ ሰጋቱራም ብናኝም የለም። ግን እሱም ቢሆን ፋይበር ግላስና ሬዚን የሚያለብሰው ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ዛሬም በጎማ መጥረጊያው ሬዚኑን እየገፋ፣ ሰዓቱን እያየ ይሠራል።

ከመሰናበቴ በፊት ወደዚያ ጠባብ ክፍል ልመልሳችሁ። ማሽኑ ቆርጦታል፣ ሸንተረሩ ጠፍቷል፣ ከጎን የሚመጣው መብራት ጥላ የሚጥልበት ነገር አጥቷል። ቀራጺው መዳፉን ለመጨረሻ ጊዜ በጠርዙ ላይ ያስኬዳል። ከዚያ ከጆሮው ጀርባ ተራ እርሳስ ያወጣና፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከእንጨት አከርካሪው አጠገብ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ውፍረቱን፣ የሚወስደውን ሰው ስምና የራሱን ፊርማ ይጽፋል። ነገ ሬዚኑ ሲፈስበት የእርሳሱ ጽሑፍ ከብርጭቆው ስር ይታሸጋል፣ ባሕር አያጥበውም።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)